ቲቪ ለመግዛት ላሰባችሁ

ቲቪ ጠጋኝ ነኝ። ወደ እኔ ከሚመጡት ብዙዎቹ ድምፅ እያላቸው ምስል የጠፋባቸው ናቸው፤ ከስክሪኑ ጀርባ ያሉት የኤልኢዲ መብራቶች ተቃጥለው ነው። ብርሃኑ ሁልጊዜ ጫፍ ላይ ሲሆን ዕድሜያቸው ያጥራል። ስለዚህ ገዝታችሁ እንደገባችሁ ባክላይቱን (የእነዚህን መብራቶች ብርሃን) ወደ 50 ወይም 60 በመቶ አውርዱት።

ለ4ኬ ብላችሁ እባካችሁ አትበደሩ። በዲሽ የምናያቸው አብዛኞቹ የአገራችን ቻናሎች በ4ኬ አይሰራጩም። ለትንሽ ሳሎን ባለ 32 ኢንች ኤችዲ ይበቃል። ስማርቱም ቢሆን ቤታችሁ ዋይፋይ ከሌለ ብዙ አይጠቅምም። የተረፈውን ብር ለስታብላይዘር አውሉት፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ብዙ ፓወር ቦርድ ይቃጠላል።

ሱቅ ውስጥ ከመክፈላችሁ በፊት ከካርቶኑ አስወጥተው ያብሩላችሁ። ሙሉ ነጭ ምስል ላይ ጥቁር ነጥብ ወይም የደበዘዘ ጥግ ካያችሁ አትውሰዱት። የተበላሸ ፓነል ማስቀየር ከአዲስ ቲቪ ዋጋ ብዙም አያንስም።