የነጋዴ ጭንቀትና የነጋዴ ደብተር

ንግድ ሐሳብ የሌለበት ሥራ ነው የሚል ሰው ነግዶ አያውቅም። ዕቃው በመንገድ ላይ ሳለ፥ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ፥ ባለዕዳው ቀጠሮውን ሲያሳልፍ፥ የቤት ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈልበት ቀን ሲቃረብ ነጋዴ ማሰቡ የማይቀር ነው። ነገር ግን ሐሳብ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ለሥራ የሚያነቃ ሐሳብ አለ፤ እንቅልፍ የሚነሣ፥ ከቤተ ሰብ የሚያጣላና ጤና የሚያጓድል ጭንቀትም አለ። የመጀመሪያው የንግድ ጠባይ ስለ ሆነ አይቀርም፤ ሁለተኛው ግን በአብዛኛው ሊቀር የሚችል መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

እኩለ ሌሊት ላይ ነቅቶ የሚገላበጠውን ባለሱቅ ምን እንዳስጨነቀው ቢጠይቁት፥ ብዙውን ጊዜ በቁጥር አይመልስም። «ገበያው ቀዝቅዟል» ወይም «እሸጣለሁ፥ ግን ገንዘቡ የት እንደሚገባ አላውቅም» ይላል። ከዚህ የምንረዳው ጭንቀቱ የሚመጣው ከዕዳው ትልቅነት ይልቅ የዕዳውን ልክ ካለማወቅ መሆኑን ነው። 80,000 ብር ዕዳ እንዳለበትና በየትኛው ቀን እንደሚከፍል የሚያውቅ ነጋዴ መላ ይፈልጋል። ልኩን የማያውቅ ሰው ግን ዕዳው 20,000 ብር ብቻ ቢሆንም፥ በጨለማ ውስጥ እያደገ ይታየዋል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ማለታቸው ለታሪክ ብቻ ሳይሆን ለንግድም የሚሠራ ምክር ነው።

የማታዋ ግማሽ ሰዓት

ሉካ ፓቾሊ የተባለ ኢጣልያዊ መነኩሴና የሒሳብ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1494 ዓ.ም. በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ፥ የከተማይቱ ነጋዴዎች ሒሳባቸውን የሚይዙበትን ዘዴ ገልጦ ነበር። ነጋዴው አስቀድሞ ያለውን ንብረት ሁሉ ቆጥሮ እንዲጽፍ፥ ከዚያም ሦስት መዝገቦች እንዲይዝ ይመክራል። በመጀመሪያው የዕለቱ ግብይት እንደ ተፈጸመ ወዲያው ይጻፋል፤ በሁለተኛው በሥርዓት ይገለበጣል፤ በሦስተኛው በየስሙና በየዓይነቱ ይለያል። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ያለፈው ይህ ዘዴ ዛሬም የታላላቅ ኩባንያዎች ሒሳብ መሠረት ነው። በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ ያዝዝ ነበር፤ ሕጉ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ከተተካም በኋላ ይህ ግዴታ አልቀረም።

ለትንሽ ሱቅ ግን የተማረ የሒሳብ ሠራተኛ መቅጠር የግድ አይደለም። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ሦስት ጥያቄዎችን በደብተር መመለስ ይበቃል። ይኸውም፥ ዛሬ በእጄና በባንክ ስንት ብር አለኝ? ሰዎች ስንት አለባቸው? እኔስ ለማን፥ ስንት፥ በምን ቀን እከፍላለሁ? የሚሉት ናቸው። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርና የባንኮች የስልክ ክፍያ ገንዘቡን በየቦታው ስላከፋፈሉት፥ የመሳቢያውን ብር ብቻ መቁጠር አይበቃም፤ የእያንዳንዱ ሒሳብ ቀሪ መጻፍ አለበት። ይህን ለአንድ ወር ያለማቋረጥ የጻፈ ነጋዴ፥ የጨነቀውን ነገር በወረቀት ላይ ስላስቀመጠው ወደ መኝታው ይዞት አይሄድም።

የሱቁ ገንዘብና የቤቱ ገንዘብ

የጭንቀት ሁለተኛው ምንጭ አንድ ኪስ ለሁለት ቤት መሆኑ ነው። የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፥ የለቅሶ መዋጮ፥ የበዓል በግ ሁሉ ከመሳቢያው ሲወጣ፥ ሱቁ ያትርፍ ይክሰር ማንም ሊያውቅ አይችልም። መድኃኒቱ ባለቤቱ ለራሱ ደመወዝ መቍረጡ ነው። ሚስት ከባልዋ ጋር በሱቁ የምትሠራ እንደ ሆነ፥ ለእርሷም እንደዚሁ ሊቈረጥላት ይገባል። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ቀኑ የታወቀ ይሁን፤ የቤት ወጪ ሁሉ ከዚያ ይውጣ። ይህ ሥርዓት በባልና በሚስት መካከል በገንዘብ ምክንያት የሚነሣውን ክርክርም ያቀልላል።

ስለ እቁብም አንድ ነገር ማስታወስ ይጠቅማል። እቁብ ለብዙ ነጋዴዎች መነሻ ካፒታል ሆኗል፤ ዕጣው ቀድሞ የደረሰው ሰው ግን የተቀበለው ገንዘብ ትርፍ ሳይሆን ብድር ነው፤ ቀሪዎቹን ዙሮች እስኪጨርስ ድረስ ባለዕዳ ነው። ስለዚህ የእቁቡ ቀሪ ክፍያ በዕዳ ደብተር ላይ ከነቀኑ መመዝገብ አለበት። የተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰበስብ ነጋዴም እንዲሁ ከገዢው የተቀበለው 15 በመቶ የመንግሥት አደራ መሆኑን አይርሳ። ይህን ገንዘብ በየሳምንቱ ለብቻው የሚያስቀምጥ ሰው፥ የማስታወቂያው ቀን ሲደርስ ብድር ፍለጋ አይሮጥም።

ስለ ዱቤ

ዱቤ በአገራችን ከጉርብትና ጋር የተሳሰረ ስለ ሆነ፥ «ዱቤ የለም» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ በመለጠፍ ብቻ አይወገድም። መወሰን ግን ይቻላል። ለዚህም ሒሳቡን በግልጥ ማየት ይበጃል። ከ100 ብር ሽያጭ 10 ብር የሚያተርፍ ባለሱቅ የ1,000 ብር ዕቃ በዱቤ ሰጥቶ ገንዘቡ ቢቀርበት፥ የራሱ 900 ብር ሄደበት ማለት ነው። ይህን 900 ብር ለመመለስ ሌላ የ9,000 ብር ዕቃ በጥሬ ገንዘብ መሸጥ አለበት። አንድ የጠፋ ዱቤ የዘጠኝ እንዲህ ያሉ ሽያጮችን ትርፍ ይበላል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ከፍተኛው የዱቤ ልክና የመክፈያው ቀን አስቀድሞ ይወሰን፤ ሲሰጥም ደንበኛው እያየ ይጻፍ። ልኩ ሲሞላ መናገር የሚያሳፍር ነገር አይደለም። «እትዬ፥ የባለፈው ወር 1,200 ብር ቀርቷል፤ እሱን ሲያስቡልኝ አዲሱን እጽፋለሁ» ብሎ በአክብሮት የሚናገር ባለሱቅ ጎረቤቱን አያጣም። ወዳጅነትን የሚያፈርሰው፥ ለስድስት ወር ዝም ብሎ ቆይቶ በአንድ ቀን መቆጣቱ ነው። የምንከፍልበትን ቀን ያሳለፍን እኛ ስንሆንም፥ አከፋፋዩ ሳይደውል በፊት ራሳችን ደውለን አዲስ ቀን እንጠይቅ። የሚሸሽ ባለዕዳ እምነት ያጣል፤ የሚናገር ግን ጊዜ ያገኛል።

ገበያን በቀን መቍጠሪያ ማየት

«ገበያው በድንገት ቀዘቀዘ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ድንገት አይደለም። የዐቢይ ጾም 55 ቀን እንደሆነ፥ የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በእነዚህ ጊዜያት ቅቤ፥ እንቍላልና ሥጋ የሚሸጥ ሱቅ ሲቀዘቅዝ፥ ዘይት፥ ምስርና ሽሮ የሚሸጠው ይደምቃል። የረመዳን ወር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደመ ስለሚመጣ፥ ቴምር የሚያስመጣ ነጋዴ የዓምናውን ቀን ይዞ ቢያዝዝ ዕቃው ሊዘገይበት ይችላል። ደብተርና የትምህርት ቤት ልብስ በነሐሴና በመስከረም ይፈለጋል። ከግብር ጋር የሚያያዘው የበጀት ዓመት ደግሞ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል፤ የመጋዘን ቆጠራውን ለዚያ ቀን ማዘጋጀት ይገባል።

ነጋዴው እነዚህን ቀኖች በዓመቱ መጀመሪያ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ቢሰቅል፥ የሚቀዘቅዘውን ወር አስቀድሞ ስለሚያውቅ ካለፈው ወር ትርፍ ለኪራይና ለደመወዝ ያስቀራል። እንዲህ ያለው ሰው ገበያ ሲቀዘቅዝ ዕረፍት ይወስዳል፤ ያልተዘጋጀው ግን ያንኑ ጊዜ በጭንቀት ያሳልፈዋል።

ለአስመጪዎችና ለላኪዎች

አስመጪ ነጋዴ ከባለሱቁ የሚለይበት ጭንቀት የምንዛሪ ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። እንበልና አንድ አስመጪ የ10,000 ዶላር ዕቃ በ57 ብር ሒሳብ አስመጥቶ፥ ማለትም 570,000 ብር አውጥቶ፥ በ650,000 ብር ሸጠ። በደብተሩ ላይ 80,000 ብር አትርፏል። ነገር ግን ዶላሩ 110 ብር በሆነ ጊዜ ያ 650,000 ብር የሚገዛለት 5,900 ዶላር ያህል ብቻ ነው። አትርፎ ሳለ መጋዘኑ በግማሽ ሊጎድል ተቃረበ ማለት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የሽያጭ ዋጋ ሲተመን ዕቃው የተገዛበትን ብቻ ሳይሆን የሚተካበትን ዋጋ ማስላት ተገቢ መሆኑ ነው። ከዚህም ጋር ባለው ገንዘብ ሁሉ ለአንድ ዕቃ የመተማመኛ ሰነድ ከፍቶ መጠበቅ አይመከርም፤ ዕቃው በጂቡቲ ወደብ ቢዘገይ የመቆያ ክፍያው በየቀኑ ስለሚጨምር፥ ለዚህ የሚሆን መጠባበቂያ ከመጀመሪያው በሒሳቡ ውስጥ ይግባ። ላኪውም በበኩሉ የሚገዛበትን ዋጋ ሳያረጋግጥ ለውጭ ገዢ ዋጋ አይቍረጥ። ቡናን የመሰለ ዕቃ ዋጋው በውጭ ገበያ በየዕለቱ ስለሚለዋወጥ፥ ዛሬ በአንዱ በኩል ውል ገብቶ በሌላው በኩል ነገን መጠበቅ ንግድ መሆኑ ቀርቶ ቍማር ይሆናል።

ሥራን ማካፈልና ማረፍ

በመጨረሻም፥ ሱቁን ራሱ ከፍቶ፥ ራሱ ሸጦ፥ ራሱ ዘግቶ አንድ ቀን እንኳ የማያርፍ ነጋዴ ትጉ መባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን እርሱ የታመመ ዕለት ሱቁም አብሮት ይታመማል። «ለሠራተኛ ብተውለት ይሰርቀኛል» የሚለው ፍርሃት የሚቀንሰው በደብተር ነው። ጧት የተረከበው ዕቃና ገንዘብ ተጽፎ፥ ማታም ቆጥሮ ሲያስረክብ፥ ታማኙ ሠራተኛ ከሐሜት ይድናል፤ የማይታመነውም ቶሎ ይታወቃል። እንዲህ ያለው ነጋዴ በሳምንት አንድ ቀን ከልጆቹ ጋር መዋል ይችላል።

እንግዲህ ከላይ የዘረዘርናቸው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመለሳሉ። ገበያን ማዘዝ፥ ምንዛሪን ማቆም፥ ዝናብን መከልከል በማናችንም እጅ አይደለም። በእጃችን ያለው ያለንንና ያለብንን ልክ ማወቅ ነው። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ነጋዴ ዛሬ ማታ ሱቁን ከዘጋ በኋላ አንድ አዲስ ደብተር ገልጦ ሦስቱን ጥያቄዎች ይመልስ። በመጀመሪያው ማታ የሚያገኘው ቍጥር ላያስደስተው ይችላል፤ ሆኖም ልኩን ያወቀው ዕዳ ቀን ተቈርጦለት የሚከፈል ሥራ እንጂ እንቅልፍ የሚነሣ ጭንቀት አይሆንበትም።