ዘላቂ ምግብ የሚባለው የትኛው ነው?

ራሽን በሚታደልበት ቀን በየቤቱ የሚነሳው ጥያቄ «እስከሚቀጥለው ያደርሰናል ወይ?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ግን ሌላ ሁለት ይጨምሩበታል። ይህን ምግብ ዓመት ሙሉ የበላ ሰው ጤናው ይጠበቃል ወይ? መሬቱ፣ ውሃውና ማገዶውስ ለከርሞ ይተርፋል ወይ? ለሦስቱም «አዎ» የሚያሰኘውን አመጋገብ ዘላቂ ይሉታል።

ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል እንዳልሆነ በማላዊ የደረሰው ያሳያል። ከሞዛምቢክ የእርስ በርስ ጦርነት የሸሹ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች እዚያ ተጠልለው ነበር። ዋና ቀለባቸው በቆሎ ሲሆን ኦቾሎኒም ይታደላቸው ነበር። የኦቾሎኒው እደላ ሲቋረጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ብቻ ከ18 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ፔላግራ በሚባል በሽታ ተያዙ። በዚህ በሽታ ፀሐይ የሚያገኘው ቆዳ ይጠቁራል፣ ይላላጣል፤ ተቅማጥ ይከተላል፤ ሲብስ አእምሮን ያውካል፤ ካልታከመም ይገድላል። ተላላፊ አይደለም። የሚመጣው ኒያሲን የተባለው ቫይታሚን ሲያንስ ነው። በእርግጥ በቆሎም ኒያሲን አለው፤ ነገር ግን ከሌላ ነገር ጋር ተጣብቆ ስለሚገኝ ሰውነታችን ብዙም አይጠቀምበትም። በቆሎ በመጀመሪያ የለማባት የሜክሲኮ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በኖራ ቀቅለው ስለሚፈጩት ቫይታሚኑ ይለቀቅላቸዋል። በቆሎ ባሕር ተሻግሮ ወደ አፍሪካ ሲመጣ ይህ ብልሃት አብሮት አልመጣም።

በማላዊ በበሽታው እምብዛም ያልተጠቁት ኦቾሎኒ የሚያገኙና የጓሮ አትክልት የነበራቸው ቤተሰቦች ናቸው። ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ኪሎ ካሎሪ የሚለው የእርዳታ መለኪያ ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው። ኃይሉን ይቆጥራል እንጂ የጎደለውን ቫይታሚን አያሳይም።

የማገዶው ነገር ደግሞ ለእኛ ቅርብ ነው። ቦሎቄ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ካደረ ቶሎ ይበስላል፤ እንጨትም ይቆጥባል። ቦሎቄውን ሸጠው ለወፍጮ የሚከፍሉ እናቶች «ስለ ምግብ አያውቁም» ሲባሉ እሰማለሁ፤ አልስማማም። በቆሎው ካልተፈጨ ምን ይጋገራል?

ቦታና ውሃ ለሚያጥረው ሰው በኬንያ ካኩማ ካምፕ የተሠራበት ዘዴ አለ። ጆንያ በአፈር ይሞላና ጎን ለጎኑ እየተበሳ በየቀዳዳው ጎመን ይተከላል። ውሃው ከላይ ይፈስሳል፤ የእቃ ማጠቢያ ውሃም ሳሙና ካልበዛበት ይሆናል። ከውጭ ያሉት ትልልቅ ቅጠሎች እየተቀጠፉ የመሀሉ ቀንበጥ ከተተወ ጎመኑ ለወራት ይሰጣል።