ከማኖቬላ እስከ ቁልፍ

መኪና በቁልፍ መነሣት ከመጀመሩ በፊት የሚነሣው ማኖቬላ በሚባል ቆልማማ ብረት ነበር። ሾፌሩ ከፊት ቆሞ በጉልበቱ ያዞረዋል፤ ሞተሩ ድንገት ወደ ኋላ ሲመታ የስንቱን ክንድ ሰብሯል።

መላ ያገኘለት አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ ነው። ቀደም ሲል ለሱቅ ሒሳብ መመዝገቢያ ማሽን የኤሌክትሪክ ሞተር ሠርቶ ስለነበር፣ ትንሽ ሞተርም ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ከሆነ ከባድ ሥራ እንደሚችል ያውቅ ነበር። የእሱ ሞተሪኖ በ1912 እ.ኤ.አ. ሞዴል ካዲላክ ላይ ተገጠመ። ከዚያ ወዲህ ጉልበት የሌለውም ሰው መኪና ማስነሣት ቻለ።

ወላጆች ሆይ፣ ሕፃንም ያስነሣል ማለት ነው! ማርሽ ውስጥ ገብቶ የቆመ አሮጌ መኪና ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ቁልፉ ቢዞር፣ ሞተሪኖው ብቻውን መኪናውን ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። ስለዚህ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ስትወርዱ ቁልፉን ነቅላችሁ ያዙ።