ዘጋቢ ፊልምና የመንግሥት ምስጢር፦ ከወሎ ረሃብ የሚወሰድ ትምህርት

በመንግሥት ምስጢርነት ተሸፍኖ የቆየን ጉዳይ ወደ አደባባይ በማውጣት ረገድ ዘጋቢ ፊልም ያለው አቅም በኢትዮጵያ ጎልቶ የታየው በ1965 እና በ1966 ዓ.ም በወሎ በደረሰው ረሃብ ወቅት ነው። ይኸው አጋጣሚ አንድ ፊልም በባለሥልጣን እጅ ሲገባ የፖለቲካ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችልም ያስገነዝባል።

በወቅቱ የነበረው አስተዳደር የረሃቡን ስፋት በይፋ ከመግለጽ ተቆጥቦ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በ1965 ዓ.ም ወደ ሥፍራው ተጉዘው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ለዕይታ ቢያቀርቡም፣ ጉዳዩ ዓለም አቀፍ ትኩረት ያገኘው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘ ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ከተሰራጨ በኋላ ነው።

ችግሩን ከገበያ መረጃ ብቻ መረዳት አዳጋች ነበር። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ በደሴ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ ገበሬው ምርቱን በማጣቱ የመግዛት አቅሙ ተሟጥጦ ነበር። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባ እህል ይጓጓዝ እንደነበር ጥናቱ ይጠቅሳል። በመሆኑም በመርካቶ እህል በረንዳ ያለውን ዋጋ ብቻ የሚከታተል ኃላፊ የወሎን ገበሬ ችግር ላያይ ይችላል። ክፍተቱን ሊሞላ የሚችለው ከሥፍራው የሚመጣ ያልተሸፈነ መረጃ ነው።

ደርግ ፊልሙን ከቤተ መንግሥት ግብዣዎች ምስል ጋር አቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አስተላለፈ። በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። ምስሎቹ እውነተኛ ቢሆኑም፣ ቅንብሩ ለተለየ ዓላማ አውሏቸዋል።

የቀድሞውን መንግሥት በደባቂነት የከሰሰው ደርግ ራሱ ከአሥር ዓመት በኋላ በተመሳሳይ ስህተት ውስጥ ወደቀ። በመስከረም 1977 ዓ.ም የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድምቀት ሲያከብር የሰሜኑ ረሃብ ተባብሶ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም ማይክል በርክ እና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም ያቀረቡት የቢቢሲ ዘገባ ዓለምን ለእርዳታ አነሳሳ።

ከሁለቱ አጋጣሚዎች መረዳት እንደሚቻለው፣ መረጃን መደበቅ እርዳታን ከማዘግየት ባለፈ መንግሥትን ከችግሩ ተጠያቂነት አላዳነም። የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን መከልከሉ፣ በ2000 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 590ም መረጃ የማግኘት መብትን ደንግጎ የአፈጻጸሙን ክትትል ለእንባ ጠባቂ ተቋም መስጠቱ በዚህ ረገድ ተጠቃሽ ነው። ሆኖም ድንጋጌው ትርጉም የሚኖረው መረጃውን የያዘው የመንግሥት ሠራተኛ ችግሩ የውጭ ካሜራ ፊት ከመድረሱ በፊት በወቅቱና በትክክል ሲያሳውቅ ነው።