መስቀልና ሥልጣን በአንድ እጅ፦ የቆጵሮሱ ማካሪዮስ

በቤተ ክህነት ያደግሁ ነኝ። ጳጳስ ሲባርክ አይቻለሁ፤ ሲገዝትም ሰምቻለሁ። ጳጳስ ራሱ ለምርጫ ተወዳድሮ፣ አሸንፎ፣ ቆቡን እንደደፋ ሚኒስትሮቹን ሰብስቦ አገር ሲመራ ግን የማውቀው ታሪክ አልነበረም። ይህን የተማርኩት ለሥራ ኒቆስያ ገብቼ ስኖር ነው። ያከራዩኝ ግሪክ ቆጵሮሳዊት አሮጊት የማካሪዮስን ፎቶግራፍ ከእመቤታችን ሥዕል አጠገብ ሰቅለውታል። ከተማዋን ለሁለት ከሚከፍለው ድንበር ወዲያ ልብሴን የሚያሳጥሩልኝ ቱርክ ቆጵሮሳዊ ሽማግሌ ግን ስሙ ሲነሳ ፊታቸው ይጠቁራል። ሁለቱም የሚናገሩት የኖሩትን ነው። ለምን እንደሚለያዩ የሚያስረዳን የሰውየው ሕይወት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማካሪዮስ፣ በልደት ስሙ ሚካኤል ሙስኮስ፣ በ1913 በጳፉ አውራጃ፣ ፓኖ ፓናያ በተባለች የተራራ መንደር፣ ከእረኛ ቤተሰብ ተወለደ። በ13 ዓመቱ ረድእ ሆኖ ኪኮስ ገዳም ገባ። ገዳሙ አስተማረው፤ በአቴንስ ነገረ መለኮት አጠና፤ ከዚያም በነፃ ትምህርት ዕድል ወደ አሜሪካ፣ ቦስተን ተሻገረ። እዚያው ሳለ በ1948 የኪትዮን ጳጳስ ሆኖ ተመረጠ። በ1950 ገና በ37 ዓመቱ ሊቀ ጳጳስ ሆነ።

በቆጵሮስ ይህ መንበር የጸሎት ብቻ አይደለም። ሊቀ ጳጳሱ በቀይ ቀለም ይፈርማል፤ በትረ መንግሥት ይይዛል፤ ይህን ክብር ንጉሠ ነገሥት ዘይኖን በ5ኛው መቶ ዘመን እንደሰጠው ይነገራል። ቱርኮች ደሴቲቱን ከ1571 እስከ 1878 ሲገዙም ለክርስቲያኑ ሕዝብ ተጠሪ የነበረው እሱ ነው። በ1821 ሊቀ ጳጳስ ኪፕሪያኖስን የሰቀሉትም ስለዚህ ነው። እናም ማካሪዮስ ቱርኮችን በተኩት በእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች ፊት ሲቆም ሕዝቡ እንግዳ ነገር አልሆነበትም።

የግሪክ ቆጵሮሳውያኑ ጥያቄ ከግሪክ ጋር መዋሐድ፣ በእነሱ አጠራር ኤኖሲስ ነበር። በ1950 መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ባካሄደችው ሕዝበ ውሳኔ ከግሪክ ቆጵሮሳውያን መራጮች 96 በመቶ ያህሉ ለውሕደት ፈረሙ። በ1955 በኮሎኔል ግሪቫስ የሚመራው ኢዮካ የተባለው የሽምቅ ጦር ተኩስ ከፈተ። እንግሊዞች ሊቀ ጳጳሱ ከጀርባው አለ ብለው በመጋቢት 1956 ወደ ሲሼልስ አጋዙት። ግዞቱ ስሙን አገነነው። በ1959 ሲመለስ ኒቆስያ በእልልታ ተቀበለችው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ ነሐሴ 16 ቀን 1960 አገሪቱ ነፃነቷን አወጀች።

ችግሩ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ሕገ መንግሥቱ ፕሬዚዳንቱ ግሪክ፣ ምክትሉ ቱርክ ይሁን አለ፤ ለምክትሉም ውሳኔን የመሻር መብት ሰጠ። ከሕዝቡ 18 በመቶ ገደማ የሆኑት ቱርክ ቆጵሮሳውያን ከመንግሥት ሥራ 30 በመቶ ተመደበላቸው። ማካሪዮስ ይህ አያሠራም ብሎ በኅዳር 1963 አሥራ ሦስት ማሻሻያዎች አቀረበ፤ የመሻሩ መብት እንዲቀር ጭምር። በገና ሰሞን በሁለቱ ወገኖች መካከል ደም ፈሰሰ። ወደ 25 ሺህ የሚጠጉ ቱርክ ቆጵሮሳውያን መንደራቸውን ጥለው በጠባብ ቀበሌዎች ተጨናንቀው ኖሩ። ልብስ ሰፊው ልጅነታቸውን ያሳለፉት እዚያ ነው። «ለእናንተ አባት ነበር፤ ለእኛ ግን የሌላ ሃይማኖት አለቃ ነበር» ይላሉ።

ማካሪዮስ ራሱ ተለውጦ ነበር። ከ1968 ጀምሮ ውሕደት ምኞት እንጂ የሚቻል አይደለም ብሎ ለነፃነቱ ቆመ። ይህን ጊዜ የትናንት ወዳጆቹ ጠላት ሆኑበት። በ1970 የተሳፈረባት ሄሊኮፕተር በጥይት ተመታች፤ አብራሪው ቆሰለ፤ እሱ ተረፈ። ሦስት የቆጵሮስ ጳጳሳት «ቀኖና ጳጳስ ዓለማዊ ሥልጣን እንዳይይዝ ይከለክላል» ብለው በ1973 ክህነቱን ሻርን አሉ። እሱ በፈንታው ታላቅ ሲኖዶስ አስጠርቶ እነሱን አሻረ።

ሐምሌ 15 ቀን 1974 ግሪክን ይገዛ የነበረው የአቴንስ ወታደራዊ ጁንታ መፈንቅለ መንግሥት አደረገበት። ታንኮቹ ሲተኩሱ ከካይሮ የመጡ ግሪካውያን ተማሪዎችን እያነጋገረ ነበር። በጓሮ አመለጠ። ሬዲዮ ሞቷል ሲል እሱ ከጳፉ በራሱ ድምፅ ሕያው መሆኑን አሰማ። ከአምስት ቀን በኋላ ግን የቱርክ ጦር ደረሰ፤ ከደሴቲቱ ከሲሶ በላይ ያዘ። ወደ 160 ሺህ ግሪክ ቆጵሮሳውያን ከሰሜን ተፈናቀሉ፤ አከራዬ ከነዚህ አንዷ ናቸው። ከአገር ወጥቶ የነበረው ማካሪዮስ በታኅሣሥ ወር ተመልሶ አገሩን መራ፤ በ1977 ከቱርክ ቆጵሮሳውያኑ መሪ ከዴንክታሽ ጋር ስለ ፌዴሬሽን መርሕ ተስማማ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ 3 በልብ ሕመም ዐረፈ። የተቀበረው በኪኮስ ገዳም አጠገብ፣ ትሮኒ በተባለው ኮረብታ ነው።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ማካሪዮስ ደፋር ነበር፤ ለሥልጣኑ ሲል አገሩን ለአቴንስም ለለንደንም አልሸጠም። ግን የአንድ መንጋ እረኛ ሆኖ የሁለት ሕዝብ ዳኛ መሆን አልቻለም፤ ያስመረጠው መስቀል ለሌላው ወገን አጥር ሆነበት። የሃይማኖት አባት ለሕዝቡ መብት ይጩኽ፤ ግዞትም ይቀበል። የመንግሥትን ወንበር ግን መስቀሉን ለማይሳለመውም ዜጋ እኩል ለሚሆን ሰው ይተውለት።