ተረት ከእሳት ዳር እስከ ደብተር

በጥርባና በአካባቢዋ ክረምት ሲገባ ማታው ረጅም ነው። ዝናቡ ይወርዳል። ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ከብቱ ከገባ፣ ላሟም ከታለበች በኋላ ቤተሰቡ እሳቱን ከቦ ይቀመጣል። ድንች በፍም ይጠበሳል። ያን ጊዜ አንዱ ልጅ አያቱን፣ «እምዬ፣ ተረት ንገሪን» ይላል።

አያት፣ «ተረት ተረት!» ይላሉ።

ልጆቹ፣ «የላም በረት!» ብለው ይመልሳሉ።

በቃ፣ ጨዋታው ተጀመረ። ተረቱ ሲያልቅ ደግሞ አያት፣ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላሉ። እኔ ነገርኳችሁ፣ ተራው የእናንተ ነው ማለታቸው ነው። ተረት እንደ ብድር ነው። የሰማ ሰው መመለስ አለበት።

እስቲ ብዙዎቻችን የምናውቀውን አንድ ተረት አብረን እናስታውስ።

የነብር ግልገል ሜዳ ላይ ሲጫወት ዝሆን ሳያየው ረገጠው። ግልገሉ ሞተ። ወሬው ለአባትየው ደረሰ። «ልጅህን ዝሆን ገደለው» አሉት። ነብሩ ጥቂት አሰበና፣ «የለም፣ ዝሆን አይደለም። ፍየሎች ናቸው የገደሉት» አለ። «ኧረ ዝሆን ነው!» ቢሉትም አልሰማም። ተነሥቶ ወደ ተራራው ወጣ። እዚያ ሣር የሚግጡትን ፍየሎች ፈጃቸው።

ይህን ተረት ሲሰማ ልጅ ይስቃል። አዋቂ ግን ዝም ይላል። በዳዩ ጉልበተኛ ሲሆን ዕዳው ለደካማ እንደሚተርፍ ያውቃላ! ተረት ለልጅ ጨዋታ ነው፤ ለአዋቂ ምክር ነው። ፊደል ያልቆጠሩ አባቶችና እናቶች ስለ ፍርድ፣ ስለ ስስትና ስለ ጉርብትና ልጆቻቸውን ያስተማሩት በተረት ነው።

ነጋሪው ሩቅ ሲሆን

ድሮ ተረት ለመስማት ከነጋሪው አጠገብ መቀመጥ ግድ ነበር። ዘመን ይህን ለወጠው። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ጀመረ። ተስፋዬ ሣህሉ የተባሉ ተዋናይም በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት መንገር ጀመሩ። ሕዝቡ «አባባ ተስፋዬ» ይላቸዋል።

አባባ ተስፋዬ በ1915 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ተወለዱ። አድገው የቴያትር ሰው ሆኑ። ሴቶች መድረክ ላይ በማይወጡበት ጊዜ የሴት ልብስ ለብሰው እንደ ሴት ሆነው ይጫወቱ ነበር። ኮሪያ የዘመቱትን የኢትዮጵያ ወታደሮችም እዚያው ድረስ ሄደው አጫውተዋል። ለልጆች ተረት በመንገር ግን ከ40 ዓመት በላይ ቆዩ። ልጆቹን ፊት ለፊታቸው እንደተቀመጡ አድርገው ያናግሯቸው ነበር። በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. ዐረፉ።

እንግዲህ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ለብዙ ሺህ ልጆች ተረት መንገር ቻለ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ጉድለትም አለው። እቤቱ ሆኖ የሚያየው ልጅ፣ «ከዚያስ?» ብሎ ቢጠይቅ ነጋሪው አይሰማውም። በእሳት ዳር ግን አያት ይሰማሉ። ልጁ ከፈራ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ከተኛም ተረቱን ለነገ ያሳድራሉ።

ዛሬ ደግሞ ስልክ መጥቷል። ስልክ ድምፅ ይቀዳል። ከዳንግላ ወይም ከእንጅባራ ርቆ የሄደ ልጅ የአያቱን ተረት ባለበት ሆኖ ሊሰማ ይችላል።

የእኛን ተረት ማን ይጻፈው?

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ኤልሳቤጥ ሌርድ የተባሉ ብሪታንያዊት ደራሲ በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች ተዘዋወሩ። ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር ሆነው ተረቶችን ከነጋሪዎች አፍ ሰበሰቡ። ተረቶቹ በእንግሊዝኛ ታተሙ። በኢንተርኔትም ተቀመጡ። መልካም ሥራ ነው። እኛ ግን አንድ ነገር እንጠይቃለን። እንግዳ መጥቶ እስኪሰበስበው ድረስ ለምን እንጠብቃለን?

በአዊ ተረት በአማርኛም በአዊኛም ይነገራል። ስለ ሰባት ቤት አገው አመጣጥ የሚተረከውም ከአባት ወደ ልጅ በቃል ሲወርድ የመጣ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በዘመቻው ትምህርት የተሰጠው በ15 ቋንቋዎች ነበር። አዊኛ ከእነዚያ አንዱ አልነበረም። ዛሬ ግን አዊኛ በዞኑ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። የሚጻፈውም በዚሁ እናንተ በተማራችሁት በግዕዝ ፊደል ነው። ስለዚህ ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ የአያቱን ተረት በአያቱ ቋንቋ መጻፍ ይችላል።

እንዴት እንጻፍ?

1. በመጀመሪያ ተረቱን እስከ መጨረሻው አዳምጡ። ነጋሪውን አታቋርጡ።

2. ከዚያ በነጋሪው ቃል ጻፉት። «ይህ የገጠር ቃል ነው» ብላችሁ አትለውጡ።

3. የነጋሪውን ስም፣ ቀበሌውንና ቀኑን ጻፉ። ተረቱን ከማን እንደሰሙትም ጠይቁ።

4. የጻፋችሁትን መልሳችሁ አንብቡላቸው። የተሳተተውን ያርሙላችኋል።

5. ድምፃቸውን በስልክ ከመቅዳታችሁ በፊት ፈቃዳቸውን ጠይቁ።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። አንዲት አሮጊት ሲያርፉ የሚያውቁት ተረት አብሯቸው ይቀበራል። ቀድሞ የጻፈው ሰው ካለ ግን ይተርፋል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ነው። ሁለቱም በእጃችሁ አሉ።

እኛ የምናውቀውን ነገርናችሁ። እንግዲህ ተረታችንን መልሱ!

እንወያይ

ነብሩ እውነቱን እያወቀ ለምን ፍየሎቹን ወነጀለ?

በእናንተ ቀበሌ ብዙ ተረት የሚያውቁት ማን ናቸው? እስከ ዛሬ የጻፈላቸው ሰው አለ?