የጃማይካን ኮራል ያጠፋው ዐውሎ ነፋስ ነውን?

ባሕር ሰፊ፣ ዓሣውም ስፍር ቍጥር የሌለው ስለ ሆነ፣ ድኻ አጥማጅ በትንሽ ታንኳና በሽቦ ወጥመድ የሚያወጣው ከውቅያኖሱ የማይጎድል ኢምንት ነው የሚለው እምነት በብዙ ሰው አእምሮ ሥር ሰዷል፤ የጃማይካ ጠረፍ ታሪክ ግን ይህን እምነት የሚያፈርስ ነው።

በዚያ ደሴት ዙሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የባሕሩን ወለል ግማሽ ያህል ሸፍኖት የነበረው ሕያው ኮራል፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ 3 በመቶ ገደማ ሲወርድ፣ በ1980 አገሪቱን የመታው አለን የተባለው ዐውሎ ነፋስ ተወቀሰ፤ መቼም ሰው ጥፋቱን ለነፋስ ማውረስ ይቀናዋል። ነፋሱ ብዙ መስበሩ እሙን ነው፤ ነገር ግን ኮራል፣ ብዙዎች እንደሚገምቱት ግዑዝ ድንጋይ ሳይሆን፣ ጥቃቅን እንስሳት ከዘመን ወደ ዘመን የሚያንጹት ሕንፃ ነውና፣ ከእንዲህ ያለው ቍስል ሊያገግም ይችል ነበር። እንዳያገግም ያደረገው ምክንያት ነፋሱ ከመንፈሱ ብዙ ዘመን አስቀድሞ በወጥመዱ ተሰናድቶ ነበር።

ኮራሉን የሚያፍነውን አልጌ እየጋጡ ለኮራሉ ዕጭ ንጹሕ ዐለት የሚያሰናዱት፣ እንደ በቀቀን ዓሣ ያሉት፣ ከትልልቆቹ አዳኞች ጋር አብረው ተጠምደው ስለ ተመናመኑ፣ የግጦሹ ሥራ በባሕር ጃርት ላይ ብቻ ወድቆ ነበር፤ ጃርቱም ጠላቱና ተሻሚው ዓሣ ስለ ጠፋለት እጅግ በዝቶ ኮራሉን ከአልጌ ይጠብቅ ስለ ነበር፣ ተመልካቹ ሁሉ ባሕሩ ደኅና ነው ብሎ ተዘናጋ። በ1983 ግን ምንነቱ ያልታወቀ ደዌ በካሪቢያን ባሕር ተዛምቶ ጃርቱን ሲፈጀው፣ በቦታው የሚተካ ጋጭ አልተገኘምና፣ ቀድሞ 4 በመቶ ብቻ የነበረው አልጌ የባሕሩን ወለል 92 በመቶ ወረሰ።

«ትንሹን ትቶ ትልቁን የሚያጠምድ ምን በደለ?» የሚለውም ጥያቄ ቅን ቢመስል፣ ከበቀቀን ዓሣና ግሩፐር ከተባለው አዳኝ ዓሣ ወገን ብዙዎቹ ሴት ሆነው ኖረው ሲተልቁ ወደ ወንድነት የሚለወጡ ስለ ሆነ፣ ትልልቁን ብቻ መልቀም መንጋውን ያለ ወንድ ማስቀረት ነው።

ባሕርን መከለል የአጥማጁን እንጀራ መንጠቅ ነው የሚለው ክርክር ደግሞ በፊሊፒንስ ተፈትኗል። በሱሚሎን ደሴት ከኮራሉ ሩብ ያህሉ ከ1974 ጀምሮ ከአጥማጅ ተከልሎ ቈይቶ፣ በ1984 ክልከላው ፈርሶ ሁሉም ሲገባበት፣ የሚጠመድበት ስፍራ ሰፍቶ ሳለ፣ አጥማጆቹ የሚያገኙት ዓሣ በሁለት ዓመት ውስጥ በግማሽ ያህል ቀነሰ።